ባለ አራት ጎማው ጎጆ

በዚህ ዓምድ አዘውትሬ የምጽፈው ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫና ስለ ፓርቲዎቻችን ጠባይ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ስለ ውኃ ጀሪካን፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ መስኮት መጋረጃና ስለ ሽንት ቤት ልጽፍ ነው። «ዶክተሩን ደግሞ ዛሬ ምን ነካው?» የሚል አይጠፋም። እስከ መጨረሻው የታገሠኝ አንባቢ ግን ከተለመደው ርእሰ ጉዳዬ ብዙም እንዳልራቅሁ ይረዳልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላለፉት 14 ወራት የምኖረው በመኪና ውስጥ ነው። በካሊፎርኒያ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ባሉ ሁለት ኮሌጆች በኮንትራት አስተምራለሁ። የሚከፈለኝ በኮርስ ነው፤ ኮርስ ከተሰጠኝ ደመወዝ አለ፤ በቂ ተማሪ ካልተመዘገበ ኮርሱም ደመወዙም አብረው ይሰረዛሉ። የተከራየሁት ቤት ኪራይ በጨመረ ጊዜ ሂሳቡን በወረቀት ላይ አስቀመጥሁት፤ ከደመወዜ ከሦስት እጅ ሁለቱ ለኪራይ የሚሄድ ሆነ። ስለዚህ ያለችኝን ጥሪት አሟጥጬ ያገለገለ የዕቃ ማመላለሻ ቫን ገዛሁ፤ ከኋላው ፍራሽ አነጠፍሁና ገባሁበት። በእኛ ባህል ራሱን ችሎ ቤት የያዘ ሰው «ጎጆ ወጣ» ይባላል። እኔም በአርባዎቹ ዕድሜዬ፣ የዶክትሬት ዲግሪዬን ጠቅልዬ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ጎጆ ወጣሁ ማለት ነው፤ የአሁኑ ጎጆ ግን አራት ጎማ አለው።

ይህ የእኔ ብቻ ጉድ አይደለም። የአሜሪካ መምህራን ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ጥያቄውን ከመለሱት የኮንትራት መምህራን አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት በዓመት ከ25,000 ዶላር በታች እንደሚያገኙ ተገልጾ ነበር። ሎንግ ቢች ሲቲ ኮሌጅ በ2021 መኪናቸው ውስጥ ለሚያድሩ ተማሪዎቹ የሌሊት ማቆሚያ ቦታ ለመክፈት ተገድዷል። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2024 በአንድ ሌሊት ባደረገው ቆጠራ 771,480 ሰዎች ቤት አልባ ሆነው ተገኝተዋል፤ በመኪናው ውስጥ የሚያድር ሰውም በሕጉ ትርጓሜ መጠለያ ከሌላቸው ጋር ይቆጠራል። መኪና ጣሪያ ቢኖረውም ለመንግሥት ሜዳ ነው።

ስለ መነሻው ይህን ካልሁ ይበቃል። ዛሬ ላወራ የምፈልገው በመኪና ውስጥ ለምን እንደሚኖር ሳይሆን እንዴት እንደሚኖር ነው። ምክንያቱም በዚህ «እንዴት» ውስጥ ያገኘሁት አንድ ትምህርት አለ፤ በአጭሩ ይኸው፦ ቤት የሚሰጠን ትልቁ ነገር ጣሪያና ግድግዳ አይደለም፤ ፈቃድ ነው። ማንንም ሳያስፈቅዱ የመቀመጥ፣ ማንንም ሳይፈሩ የመተኛት ፈቃድ። መኪና ጣሪያ አለው፣ ግድግዳ አለው፣ በርና ቁልፍም አለው፤ ፈቃድ ግን የለውም። በመኪና የሚኖር ሰው ችግሮች ሁሉ በሁለት ይከፈላሉ፤ ከተፈጥሮ የሚመጡና ከሕግ የሚመጡ። የመጀመሪያዎቹን ትዕግሥት ያለው ሰው በጊዜ ይማራቸዋል። ሁለተኛዎቹን ግን የትኛውም ብልሃት አይፈታቸውም።

ከተፈጥሮ ጋር የሚደረግ ድርድር

የቫን ኑሮ የመጀመሪያው ጠላት ብርድ ይመስላል፤ እውነተኛው ጠላት ግን ርጥበት ነው። የተኛ ሰው ሌሊቱን በትንፋሹና በላቡ የሚያወጣው ውኃ ከአንድ ብርጭቆ ይበልጣል። ይህ ውኃ በሰፊ ቤት ውስጥ ሳይታወቅ ይበተናል። በቫን ውስጥ ግን ቀዝቃዛውን ብረትና መስታወት ሲያገኝ ወደ ጠብታ ይለወጣል፤ ከፍራሹ ሥር ሻጋታ ያበቅላል፤ የመጻሕፍትን ገጽ ያጣብቃል። መድኃኒቱ ሁለት መስኮቶችን ጣት በሚያህል ክፍተት ገርበብ አድርጎ መተኛት ነው፤ ብርዱን በገዛ ፈቃድ ማስገባት ማለት ነው። ፍራሹም በወለሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ አየር በሚያሳልፍ የእንጨት ርብራብ ላይ መቀመጥ አለበት።

«ታዲያ ለምን አታሞቀውም?» ይባል ይሆናል። ሞተር አስነሥቶ መተኛትም ሆነ በተዘጋ መኪና ውስጥ የጋዝ ምድጃ አብርቶ መሞቅ ሞትን መጋበዝ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ብርድ ለመከላከል ከሰል አቀጣጥለው በተኙበት ስለቀሩ ወገኖቻችን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ስለሌለ፣ ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ከራስጌዬ በላይ የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሰቅያለሁ፤ የምሞቀው ግን በወፍራም የመኝታ ከረጢትና እናቴ በላከችልኝ ጋቢ ነው። ጋቢው ከምን ችግር ላይ እንደዋለ እሷ አታውቅም።

በበጋ ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ ከውጭው አየር በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል በልጦ ሊግል ይችላል። ስለዚህ የቫን ነዋሪ ጥላን እንደ ገንዘብ ይቆጥራል፤ የትኛው ዛፍ ከሰዓት በኋላ ወደ የትኛው ጎን እንደሚያጠላ ያውቃል። ቀን ቀን የምውለው በቤተ መጻሕፍት ነው። ተማሪዎቼ ይህን የምሁር ትጋት አድርገው ያዩልኛል፤ ትጋትም አለበት፣ አየር ማቀዝቀዣም አለበት።

ኤሌክትሪክ ደግሞ የሂሳብ ትምህርት ነው። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ያለበት ባትሪ በወረቀት ላይ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ከሆነ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ መጠቀም አይመከርም፤ ሊቲየም ከሆነ አብዛኛውን ይሰጣል፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። በጣሪያ ላይ የተዘረጋ የ100 ዋት ሶላር በጠራ ቀን ከ300 እስከ 500 ዋት ሰዓት ያስገኛል፤ በደመናማ ቀን ከዚያ እጅግ ያንሳል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ በቀን የሚበላው ይህንኑ ያህል ነው። ላፕቶፕ ለአራት ሰዓት ከሠራሁበት 200 ዋት ሰዓት ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄው ወተት ይቀዝቅዝ ወይስ የተማሪዎች ፈተና ይታረም የሚል ሆነ። ፍሪጁን ተውሁት።

ፍሪጅ የሌለው ሰው ምን ይበላል? እዚህ ላይ የአያቶቻችን ጥበብ ደረሰልኝ። ስንቅ ማለት እኮ እሳትና ማቀዝቀዣ በሌለበት መንገድ ላይ ለሚያድር ሰው የተፈለሰፈ ምግብ ነው። በሶ በውኃና በማር ይበጠበጣል፤ ምድጃ አይፈልግም። ድርቆሽ በደንብ ከደረቀ ሳምንታት ይቆያል። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎና ቋንታም እንዲሁ። ዘማቹና ነጋዴው በአጋሰስ ጭነው የተጓዙበትን ስንቅ እኔ በላስቲክ ዕቃ አድርጌ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ አስቀምጫለሁ። ሽሮ ለመሥራት የሚበቃ አንድ ትንሽ የጋዝ ምድጃ አለኝ፤ ነገር ግን በቫኑ ውስጥ ሽንኩርት ማቁላላት የማይታሰብ ነው። የቁሌቱ ሽታ ኮት ላይ፣ ትራስ ላይ፣ መጻሕፍት ላይ ያድራል፤ ማለዳም ከእኔ ጋር ክፍል ይገባል። ስለዚህ ወጥ የምሠራው ቅዳሜ ቅዳሜ በሕዝብ መናፈሻ፣ ለሽርሽረኞች በተዘጋጀው ጠረጴዛ ላይ ነው። መናፈሻ ውስጥ ወጥ የሚሠራ ሰው ሽርሽር የወጣ ይመስላል፤ ማንም አይጠይቀውም።

ውኃ በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሊትር ይበቃኛል። አንዱ ጀሪካኔ 19 ሊትር ይይዛል፤ 19 ኪሎ ይመዝናል። ቧንቧ ያለበትን ቦታ ማወቅ፣ ሳይከለከሉ መቅዳት፣ ተሸክሞ መመለስ የሳምንቱ ቋሚ ሥራ ነው። አንድ ሰው እጁን ታጥቦ፣ ጥርሱን ቦርሾ፣ አንድ ሳህንና አንድ ብርጭቆ አጥቦ ምን ያህል ውኃ እንደሚያጠፋ የተረዳሁት በዚህ ዕድሜዬ ነው። በአገራችን ጀሪካን ተሸክማ ያደገች ሴት ይህን ትምህርት ከእኔ በተሻለ ታስተምረው ነበር። ገላዬን የምታጠበው በወርኃዊ ክፍያ አባል በሆንሁበት የስፖርት ማዘውተሪያ ነው። ብዙ የመኪና ነዋሪዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ክብደት ለማንሣት ሳይሆን ለሻወሩ። ልብስ በሳንቲም በሚሠራ የሕዝብ ማጠቢያ ይታጠባል፤ ሸሚዝ ግን ሳይጨማደድ ማኖር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

ስለ ሽንት ቤት ሳልጽፍ ብቀር ጨዋነት ይመስልልኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ይጎድላል። ቀን በኮሌጁ፣ ምሽት በስፖርት ማዘውተሪያው ይገኛል። ሁሉም ከተዘጋ በኋላ የሚቀረው ክዳን ያለው ባልዲ፣ ከረጢትና ሽታ የሚይዝ የእንጨት ብናኝ ነው። ከዚህም የተነሣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ሻይ አልጠጣም፤ ጥም እንኳ በሰዓት ይገደባል። ሽንት ቤት ያለው ሰው ስለ ሽንት ቤት አያስብም፤ የሌለው ሰው ስለ ሌላ ነገር የሚያስብበት ጊዜ ያጥረዋል።

ይህ ሁሉ ከባድ ነው፤ ግን ይለመዳል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ካለፉ በኋላ እጅ ራሱ ይሠራል፤ የት ምን እንዳለ በጨለማ ይታወቃል። ተፈጥሮ ጨካኝ ብትሆንም አድልዎ አታውቅም፤ ደንቧን ያወቀ ከእሷ ጋር ይኖራል።

ከሕግ ጋር የሚደረግ ድርድር

የቫን ነዋሪ ቀን በሦስት ይከፈላል፤ የሚሠራበት፣ የሚታጠብበትና የሚበላበት፣ የሚተኛበት። ዋናው ደንብ ሦስቱ በአንድ ቦታ እንዳይሆኑ ነው። ወደ መኝታ ቦታ የሚኬደው ሁሉ ነገር ተጠናቅቆ፣ ጥርስ ተቦርሾ፣ ከጨለመ በኋላ ነው፤ የሚወጣው ሰፈሩ ሳይነቃ ነው። ከቆሙ በኋላ ከመኪናው መውረድ፣ መብራት ማብራት፣ በር መክፈትና መዝጋት የለም። ከፊት ወንበሮች ጀርባ ጥቁር መጋረጃ ይጋረዳል፤ የኋላው መስኮት በልኩ በተቆረጠ ብርማ መከላከያ ይደፈናል። በሰው ቤት ፊት ለፊት አይቆምም፤ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ሌሊት ተከታትሎ አይታደርም። ሌባ የሚጠነቀቀውን ጥንቃቄ ሁሉ፣ ምንም ሳይሰርቁ፣ ለእንቅልፍ ሲሉ ብቻ መጠንቀቅ ማለት ነው።

በካሊፎርኒያ ብዙ ከተሞች አንድ መኪና ከ72 ሰዓት በላይ በአንድ የሕዝብ መንገድ ላይ ከቆመ ተጎትቶ ሊወሰድ ይችላል። ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ደንብ አለው፤ የከተማ ድንበር ተሻግሮ መቶ ሜትር የተጓዘ ሰው ሌላ ሕግ ውስጥ ይገባል። የጉግል ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት በሚገኝባት በማውንቴን ቪው ከተማ መራጮች በኅዳር 2020 ትላልቅ ተሽከርካሪዎች በጠባብ መንገዶች ላይ እንዳይቆሙ የሚከለክል ደንብ በድምፃቸው አጽድቀዋል። ደንቡ ስለ ድሀ አንዳች ቃል አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ መንገድ ስፋት ነው። ሕግ ጨዋ ቋንቋ አለው።

መስኮቴ የተንኳኳው እስካሁን አራት ጊዜ ነው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ትሑት ወጣት ፖሊስ ነበር። «እዚህ መተኛት አይፈቀድም» አለኝ። «የት ይፈቀዳል?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና «እሱን አላውቅም፤ እዚህ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ» አለኝ። በዚህ አገር ስለ ቤት አልባነት ብዙ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን አንብቤአለሁ፤ የዚያን ወጣት ያህል ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር የገለጸልኝ አላጋጠመኝም።

ስለ ፍርድ ቤት ካነሣሁ አይቀር ሦስት ጉዳዮችን ልጥቀስ። ሎስ አንጀለስ ከ1983 ጀምሮ መኪናን «መኖሪያ» አድርጎ መጠቀምን የሚከለክል ደንብ ነበራት። በ2014 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው፤ ምክንያቱም ምን ማድረግ ወንጀል እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። ብርድ ልብስ መያዝ ነው? መኪና ውስጥ መብላት ነው? እንዲያ ከሆነ ለሽርሽር የሚሄደው ሁሉ ወንጀለኛ ነው።

ሁለተኛው የሲያትል ጉዳይ ነው። መኪናው ውስጥ የሚኖር አንድ ሠራተኛ መኪናው ተበላሽቶበት ከተፈቀደው ጊዜ በላይ በመቆሙ በ2016 ተጎትቶ ተወሰደበት፤ ለማስለቀቅም ከ500 ዶላር በላይ ተጠየቀ። የዋሽንግተን ስቴት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ያ መኪና በስቴቱ ሕግ ጥበቃ የሚደረግለት መኖሪያ ቤት እንደሆነ፣ የተጠየቀው ገንዘብም ከሰውዬው አቅም አንጻር ከልክ ያለፈ ቅጣት እንደሆነ ወሰነ። እንግዲህ መኪና ቤት መሆን እንደሚችል በፍርድ ተረጋግጧል።

ሦስተኛው ግን ነፋሱን ለወጠው። በሰኔ 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኦሪገኗን ግራንትስ ፓስ ከተማ በሚመለከተው ክርክር፣ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ፣ ከተሞች በሕዝብ ቦታ ላይ የሚያድሩ ሰዎችን ሌላ መጠለያ ባይኖራቸውም እንኳ መቅጣት እንደሚችሉ ወሰነ። የከተማዋ ደንብ «ሰፈራ» ሲል ድንኳንን ብቻ ሳይሆን ተሽከርካሪንም የሚያካትት ነበር። አብላጫው ዳኞች ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን እንጂ የሰውን ማንነት አይደለም አሉ። የተለየ ሐሳብ ያስመዘገቡት ዳኞች ደግሞ እንቅልፍ የማንም ሰው ተፈጥሮአዊ ግዴታ ስለሆነ እንደ ወንጀል ሊቆጠር አይገባም አሉ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ሰው ሆኖ ሳለ እንዳይተኛ የሚታዘዝበትን ድርጊት ከማንነቱ እንዴት እንደሚለዩት አልገባኝም።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከኢትዮጵያውያን መካከል በዚህ አገር ትልልቅ የጭነት መኪና የሚያሽከረክሩ ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ወዳጄ፣ ኑሮዬን ከሚያውቁ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነው። ሻወር የሚገኝባቸውን የጭነት መኪና ማረፊያዎች ያሳየኝ እርሱ ነው። አንድ ቀን በሹፌሮች ምግብ ቤት ተቀምጠን፦

«ዶክተር፣ እኔም እኮ ጋቢና ውስጥ ነው የማድረው፤ ምን ልዩነት አለን?» አለኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎን ሕግ ነው ተኛ የሚልዎት፤ እኔን ተነሣ ይለኛል» አልሁት።

ቀልድ አልነበረም። የፌዴራሉ ሕግ የጭነት መኪና ሹፌር ቢበዛ 11 ሰዓት ነድቶ ለ10 ሰዓታት እንዲያርፍ ያስገድደዋል፤ ከወንበሩ ጀርባ ያለውን አልጋም በደንብ ያውቀዋል። ከጅቡቲ ወደብ ወደ አዲስ አበባ ጭነት የሚያመላልሱ ሹፌሮቻችንም ስንት ሌሊት በጋቢናቸው እንደሚያሳልፉ እናውቃለን፤ ማንም ቤት አልባ አይላቸውም። አልጋው ያው አልጋ ነው፤ መኪናውም ያው መኪና ነው። ለዕቃ ሲባል መተኛት ሥራ ነው፤ ለራስ ሲባል መተኛት ጥፋት ነው።

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላሉ አበው። የፓርኪንግ ቅጣት ካልተከፈለ ይደረባል፤ ከተደረበ የመኪናው ዓመታዊ ምዝገባ አይታደስም፤ ምዝገባው ያልታደሰ መኪና ይጎተታል፤ የተጎተተ መኪና በየቀኑ የማቆያ ኪራይ ይቆጠርበታል። ለሌላው ሰው ይህ የመኪና ማጣት ነው፤ ለእኔ ግን ቤትን፣ አልጋን፣ መጽሐፍን፣ ወደ ሥራ መሄጃን በአንድ ጊዜ ማጣት ነው። ፍሬኑን ለማሠራት ጋራዥ ባስገባሁት ሌሊት እንኳ በአውቶቡስ ውስጥ ከመነሻ እስከ መድረሻ ስመላለስ አደርሁ።

አድራሻ የሌለው ሰው

ከሁሉ የሚከብደው ግን የማይታየው ነገር ነው፤ አድራሻ። የባንክ ሂሳብ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ የግብር ሰነድ፣ የምርጫ ምዝገባ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ሁሉም «የት ትኖራለህ?» ብለው ይጀምራሉ። በክፍያ የተከራየሁት የፖስታ ሳጥን አለኝ፤ ነገር ግን ቅጹ «የፖስታ ሳጥን አይቀበልም» የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ መረዳት አለብን። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከወጣ ወዲህ ቀበሌ የሚባለው ነገር ከቤት ቁጥር ጋር አቆራኝቶናል። መታወቂያ የሚሰጠው፣ ስኳርና ዘይት የሚታደለው፣ መሸኛ የሚጻፈው፣ ወጣቱ ለዘመቻ የሚፈለገው በቤት ቁጥር ነበር። ቁጥር የሌለው ቤት እንኳ በመታወቂያው ላይ «አዲስ» ተብሎ ይጻፍለታል እንጂ ባዶ አይተውም። በዚያ ሥርዓት የቤት ቁጥር መቆጣጠሪያም መብትም ነበር። በአሜሪካ ቀበሌ የለም ብለን ደስ ይለን ነበር፤ ቀበሌው ግን አለ፤ በየቅጹ መጀመሪያ መስመር ላይ ተቀምጧል።

እዚህም ላይ መደብ መደብን ይለያል። ጡረታ ወጥተው ውድ የመኖሪያ ተሽከርካሪ ገዝተው አገር ለአገር የሚዞሩ አሜሪካውያን አሉ። የደቡብ ዳኮታ ስቴት ለእንዲህ ዓይነት ተጓዦች ለረጅም ዘመን ቀላል መንገድ ከፍቶላቸው ቆይቷል፤ አንድ ሌሊት በስቴቱ ማደራቸውን የሚያሳይ ደረሰኝና ደብዳቤ የሚያስተላልፍ ድርጅት አድራሻ ይዘው መንጃ ፈቃድ ያወጣሉ። በ2023 ግን ስቴቱ ለምርጫ ለመመዝገብ የ30 ቀን ነዋሪነትን የሚጠይቅ ሕግ አወጣ። ግብራቸውንና የታርጋ ክፍያቸውን ተቀብሎ ድምፃቸውን መጠርጠር ማለት ነው። ጄሲካ ብሩደር በ2017 ባሳተመችው «ኖማድላንድ» የተባለ መጽሐፍ፣ በ2008 ከደረሰው የገንዘብ ቀውስ በኋላ በመኪና እየኖሩ ከመጋዘን ወደ እርሻ በየወቅቱ ሥራ የሚንከራተቱ አዛውንቶችን አስተዋውቃናለች። ከመጽሐፉ የተሠራው ፊልም በ2021 የኦስካርን ከፍተኛ ሽልማት አገኘ። አገሩ ለፊልሙ ቆሞ አጨበጨበ፤ በዚያው ዘመን ከተሞቹ ለመኪናዎቹ የክልከላ ምልክት ይተክሉ ነበር።

ቤት ለእንቦሳ

ወገኖቼ «የት ነው የምትኖረው?» ሲሉኝ የከተማውን ስም እነግራቸዋለሁ። ውሸት አይደለም፤ በከተማው እኖራለሁ፤ በከተማው ሁሉ። ነገር ግን የሐበሻ ጥያቄ በከተማ ስም አያበቃም። በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት በፋሲካ ማግስት «ልጄ፣ ቤትህን ሳናውቀው ዓመት ሞላ እኮ! ቡና አፍልተን እንባርክልህ» አሉኝ። «እሺ እማማ፣ አንድ ቀን» አልኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቅዳሴ በኋላ ቶሎ እወጣለሁ።

በእኛ ዘንድ አዲስ ቤት የገባ እንግዳ «ቤት ለእንቦሳ» ይላል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ቤት በዚህ ቃል ነው ቤት የሚሆነው፤ ምስማርና ቆርቆሮ ብቻውን ቤት አያደርግም። በቫኑ ውስጥ ሻጋታውን አሸንፌአለሁ፤ ኤሌክትሪኩን ለክቼአለሁ፤ ምግቡንም በአያቶቼ ስንቅ አብቃቅቼአለሁ። እንግዳ መቀበል ግን አልቻልሁም። የእድር ጥሪ የሚደርሰኝ፣ ለቅሶ ብቀመጥ ሰው የሚመጣልኝ የት ነው? ብታመም ሽሮ ይዞ የሚያንኳኳው ሰው የትኛውን በር ያንኳኳል? አሁን መስኮቴን የሚያንኳኳ ሁሉ ሊያስነሣኝ የመጣ ነው። መኪና ውስጥ ከኖርሁ ወዲህ ሲንኳኳ የሚደነግጥ ሰው ሆኛለሁ። ይህ ከሁሉም የባሰ ይመስለኛል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

መፍትሔው ቤት መሥራትና ለሥራ ተገቢውን ደመወዝ መክፈል መሆኑን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም። ነገር ግን ቤቱ እስኪሠራ ድረስም ሰው ይተኛል። ሳንታ ባርባራ ከ2004 ጀምሮ በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አማካይነት የቤተ ክርስቲያንና የመሥሪያ ቤት መኪና ማቆሚያዎችን ሌሊት ሌሊት ለመኪና ነዋሪዎች ከፍታለች። ቀን ለሠራተኛ የሚያገለግለው አስፋልት ሌሊት ባዶውን ያድራል፤ ያንን ባዶ ቦታ ከአንድ ሽንት ቤት፣ ከአንድ ቧንቧና ከአንድ ጥበቃ ጋር ማዋል ብቻ ነው። ሌሎች ከተሞችም ይህን አርአያ ተከትለዋል፤ የቦታው ቁጥር ግን ከሚፈልገው ሰው ጋር የሚመጣጠን አይደለም። በእንዲህ ያለ ቦታ ሦስት ሌሊት አድሬ አይቻለሁ። መብራት አብርቼ አነበብሁ፤ በሬን ከፍቼ ወረድሁ፤ ከጎረቤት ጋር «እንደምን አደርህ» ተባባልን። የቫኑ ብረት ያው ነበር፤ የተለወጠው ፈቃዱ ብቻ ነው። እንቅልፌ ግን ሌላ እንቅልፍ ነበር።

ለአገሬ አንባቢም አንድ ቃል አለኝ። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ስም ብዙ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ስለ ካሳውና ስለ ምትክ ቤቱ መከራከራችን ተገቢ ነው። ነገር ግን የፈረሰው ግድግዳ ብቻ ይመስል በካሬ ሜትር ብቻ ስንከራከር እንሰማለን። ከግድግዳው ጋር አብሮ የሚፈርሰውን፣ ማለትም አድራሻን፣ እድርን፣ ደጅ የሚያንኳኳ ጎረቤትን የሚለካ ሜትር የለንም። እኔ ጣሪያ ሳይጎድለኝ ቤት ያጣሁ ሰው ስለሆንሁ የዚህን ልዩነት ክብደት እመሰክራለሁ። ፖለቲካ ማለት በመጨረሻው፣ ሰው ማንንም ሳይፈራ የሚተኛበትን ቦታ የሚወስን ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱም፣ ምርጫውም፣ ፓርቲውም የሚመዘኑት በዚህ ነው።

የመጪው ሴሚስተር የኮርስ ድልድል በሚቀጥለው ወር ይታወቃል። ሦስት ኮርስ ከደረሰኝ አንድ ክፍል ለመከራየት አስቤአለሁ። ያን ጊዜ እማማን ቡና እጠራቸዋለሁ፤ «ቤት ለእንቦሳ» እንዲሉልኝ። ሁለት ብቻ ከደረሰኝ ደግሞ ከክረምቱ በፊት የቫኑን ጎማዎች መቀየር ይኖርብኛል።

ቸር ይግጠመን።